ማንኮራፋት ሁሉ እንቅልፍ አይደለም፦ ትራማዶል ለገባበት ቤት መመሪያ

ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ሙቀቱ ነው ይባላል። በርጫ ላይ ቆይቶ ነው ይባላል። ጨብሶ ነው ይባላል። የአክስቴን ልጅም እንዲሁ ብለን ቬንቲሌተር አዙረንለት ተውነው። ግቢ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተንጋሎ ያንኮራፋል። ማንኮራፋቱ ግን እርጥብ ነበር፤ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ የሚንተከተክ ይመስላል። አንዴ ይስባል፣ ከዚያ ዝም። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ደግሞ በድንገት ይስባል።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ከማንም ቀድሜ መንቃት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የነቃችው ግን እናቴ ናት። «ይሄ ልጅ ከንፈሩ ምን ሆነ?» አለች።

ልጁ ተርፏል። ዛሬ ሥራ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው እሱ ራሱ «አቦ ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠራ» ስላለኝ ነው። የምጽፈውም ትራማዶል ለሚወስደው ሰው ብቻ አይደለም። ይበልጡን አጠገቡ ለሚተኛው ነው። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ራሱን ማዳን አይችልም፤ ራሱን ስቷልና።

ቤታችሁ የገባው ምን እንደሆነ ለዩ

ኦፒዮይድ የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ፌንታኒል፣ ሄሮይንም ከዚያው ወገን ነው። በእኛ ሰፈር ቤት ውስጥ የምታገኙት ግን ብዙውን ጊዜ ትራማዶል ነው። ጀርመኖች በ1977 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አዋሉት፤ በኋላም በመላው ዓለም ለከባድ ሕመም ሲታዘዝ ኖሯል። በአግባቡ ከተወሰደ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ይህን ሳልል ባልፍ ሙያዬን መካድ ይሆንብኛል።

የአክስቴ ልጅም የጀመረው በሐኪም ትእዛዝ ነው። የጅቡቲ መኪና ረዳት ነበር። ከተሳቢ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ባለ 50 ሚሊ ግራም ትራማዶል ለጥቂት ቀን ታዘዘለት። ሕመሙ ሄደ፣ ክኒኑ ቀረ። ጠዋት ሁለት ፍሬ ሲውጥ የሌሊት መንገድ አይሰማውም ነበር። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አምስት። ሰውነት ይለምደዋል፤ ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 50 ፍሬ እንዳያልፍ ነው የሚታዘዘው። እሱ በመጨረሻ በቀን ሁለት ስትሪፕ፣ 20 ፍሬ ይጨርስ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማሸጊያውን ማየት ነው። ኪስ፣ የመኪና ዳሽቦርድ፣ የትራስ ልብስ ውስጥ ባዶ ስትሪፕ ስታገኙ አትጣሉት። ጀርባው ላይ ያለውን ስምና ቁጥር አንብቡ። 50 ነው? 100 ነው? ወይስ 200? በዝግታ የሚለቀቀው ዓይነት ነው? ይህኛው ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራል፤ አደጋውም እንደዚያው ይረዝማል። ያለ ማሸጊያ በወረቀት ተጠቅልሎ የተሸጠ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አይነግራችሁም፣ ሻጩም ጭምር። ፎቶ አንሱት። ያ ፎቶ ኋላ ሆስፒታል በር ላይ ይፈለጋል።

ትራማዶል ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ በኩል እንደ ሞርፊን ሕመምን ያደነዝዛል፣ መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽን ያዘገያል። በሌላ በኩል እንደ ድብርት መድኃኒት አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ከፍ ያደርጋል። ሰው የሚያንቀጠቅጠው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ የምትጠብቁት አደጋ ሁለት ነው፦ ትንፋሽ ማነስና መንፈራገጥ። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትራማዶል ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ትራማዶልም ኮዴይንም ሙሉ ጉልበታቸውን የሚያገኙት ጉበት ውስጥ ከተለወጡ በኋላ ነው። ለዋጩ ኢንዛይም ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ከተለመደው ቁጥር በላይ አለው፤ መድኃኒቱን በፍጥነት ወደ ጠንካራው ዓይነት ይለውጠዋል። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው እንዲህ ያለ ዘረመል ተገኝቶባቸዋል። ከአብዛኛው የአውሮፓ ሕዝብ ጋር ሲተያይ በጣም ብዙ ነው። «ጓደኛዬ አራት ወስዶ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ የማይሠራውም ለዚህ ነው። የጓደኛህ ጉበት የአንተ ጉበት አይደለም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ትራማዶልም ኮዴይንም ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጡ የከለከለው፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዲርቋቸው ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የአባት ክኒን ለልጅ ጥርስ ሕመም ተቆርጦ አይሰጥም። በፍጹም።

ጫትና ጨብሲ መሃል ሲገባ

ስለ ትራማዶል የሚጻፈው ብዙው ነገር የእኛን ከተማ አያውቅም። እኛ ዘንድ ብቻውን አይወሰድም። ቀን ከአወዳይ የመጣ ጫት አለ። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ አለ፤ ቢራ ወይ አረቄ። አንዳንዱ ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ክኒን ይጨምርበታል። በእነዚህ መሃል ነው ትራማዶሉ የሚዋጠው።

ጫት ያነቃቃል። ሰውየው ስለማይደነዝዝ «አልያዘኝም» ብሎ ሌላ ፍሬ ይጨምራል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ግን ክኒኑ አሁንም ደሙ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የሚያነቃው ነገር የለም። በዚያ ላይ አልኮል ሲፈስበት ትንፋሹን የሚያዘገዩት ሁለት ይሆናሉ። ዲያዜፓም ካለ ሦስት። ስለዚህ የምትጠብቁት ሰዓት ምሽቱና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ሁሉም ሰው «ተኛ፣ ተመስገን» የሚልበት ሰዓት።

ዓይንም ያታልላችኋል። ኦፒዮይድ የወሰደ ሰው የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል ይባላል። ልክ ነው። ጫት ግን ብሌን ያሰፋል። ትራማዶል ራሱም እንደ ሞርፊን ሁልጊዜ አያጠብም። ስለዚህ ዓይኑን ገልጣችሁ «ደህና ነው» እንዳትሉ። የሚታየው ትንፋሹ ነው።

ስትጠይቁ «ወሰድክ ወይ?» አትበሉ

ቀን ላይ የምታዩት ምልክት አለ። ገላውን ያካል። ሆዱ ይደርቃል። እየተነጋገራችሁ አንገቱ ዘንበል ይላል፣ ያንቀላፋል፣ ብድግ ይላል። ያልበዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ክኒኑ ሲያልቅበት ደግሞ ያዛጋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ቤተሰብ ይህን ሁሉ «ሀራራ ነው» ብሎ በጫት ያሳብበዋል።

አክስቴ ልጇን ለወራት የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ወሰድክ ወይ?» መልሱም አንድ ነበር፦ «አልወሰድኩም።» አዎ ወይም አይደለም የሚል ጥያቄ ውሸት ይጋብዛል። የሠራልን ሌላው ነው። ድሬ አንቱታ አናበዛም፤ ለመነጋገር ይመቻል። ቡና ላይ፣ ምርቃና ላይ ሳይሆን በጠዋቱ፣ ብቻውን አግኝቼ «ዛሬ ስንት ደረስክ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አስራ ስድስት» አለኝ። ቁጥሩ ነው የሚጠቅማችሁ። ሐኪሙም የሚፈልገው ቁጥሩን ነው።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ስንት ፍሬ፣ ባለ ስንት ሚሊ ግራም፣ ከምን ጋር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ አንቀጥቅጦህ ያውቃል ወይ። የመጨረሻዋን አትርሱ። አንድ ጊዜ ያንቀጠቀጠው ሰው ቤት ሆኖ ማቆም መሞከር የለበትም።

ማስፈራራት፣ መቆለፍ፣ ክኒኑን ሽንት ቤት መድፋት ያምራችኋል። እኛም ደፍተን ነበር። በማግስቱ ከማያውቀው ሰው፣ የማያውቀውን ክኒን ገዝቶ መጣ።

ሌሊቱ ሲመጣ

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት። ቢቻል ጮክ ብላችሁ ለቤተሰብ አንብቡት።

የተኛው ሰው አልጥም ካላችሁ ስሙን ጠርታችሁ ትከሻውን ነቅንቁ። ካልመለሰ፣ እጃችሁን ጨብጣችሁ በጣታችሁ አንጓ ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት ጠንከር አድርጋችሁ ፈትጉ። ያማል፤ የተኛ ሰው ይነቃል፣ ይሰድባችኋል። ቢሰድብ ደስ ይበላችሁ። ካልነቃ እንቅልፍ አይደለም።

ከዚያ ትንፋሹን ቁጠሩ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ክፈቱና ደረቱ ሲነሳ አንድ በሉ። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ10 በታች ከሆነ፣ ወይም በሁለት ትንፋሽ መሃል ያለው ዝምታ ካስፈራችሁ፣ ደቂቃው እስኪሞላ አትጠብቁ። ከንፈሩን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፣ ድዱንና ጥፍሩን እዩ። በእኛ ቆዳ ላይ መጥቆሩ የሚታየው እዚያ ነው፤ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ይመስላል። እርጥብ ማንኮራፋት ማለት ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ የአየር መንገዱን እየዘጋ ነው ማለት ነው።

አንዱ ሰው ስልክ ይያዝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሌላው ከሰውየው አይነሳ።

ትንፋሹ ካነሰ ወይም ከቆመ፣ መጀመሪያ የሚፈልገው አየር ነው። ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። አፉ ውስጥ ጫት ካለ በጣት አውጡ፤ ይህን ሌላ ቦታ የተጻፈ መመሪያ አይነግራችሁም፣ እኛ ግን ጉንጩ ውስጥ ታክሉን ይዞ የተኛ ሰው እናውቃለን። ግንባሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጉ። ይህቺ ብቻዋን አንዳንዴ ትንፋሹን ትመልሰዋለች። ካልተመለሰ አፍንጫውን ቆንጥጣችሁ፣ አፋችሁን በአፉ ላይ ገጥማችሁ ደረቱ እስኪነሳ ንፉ። አንዴ ነፍታችሁ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ድገሙ። ሆዱ ሳይሆን ደረቱ ነው መነሳት ያለበት። ደረቱ ካልተነሳ አንገቱን እንደገና አስተካክሉ።

ጨርሶ የማይተነፍስና የማይንቀሳቀስ፣ የሕይወት ምልክት የሌለው ከሆነ ደረቱ መሃል ላይ ሁለት እጃችሁን ደርባችሁ ተጫኑ። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። 30 ተጭናችሁ ሁለት ንፉ። ይደክማል፣ ተቀባበሉ።

ራሱ የሚተነፍስ ግን የማይነቃ ከሆነ በጎኑ አዙሩት። የላይኛው ጉልበቱ ታጥፎ መሬት ይንካ፣ እጁ ከጉንጩ ሥር ይግባ፣ አፉ ወደ ታች ያዘንብል። ቢያስመልስ ወደ ሳንባው አይገባም። እየተመለከታችሁ ቆዩ።

ቢንፈራገጥስ? እዚህ ላይ ከአያቶቻችን የወረስነው ልማድ አለ፦ ክብሪት ጭሮ ማሽተት። ተዉት። የክብሪት ጭስ መንፈራገጥ አያቆምም፣ የሚቃጠል ፊት ግን አይቻለሁ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። አትያዙት፣ አትጫኑት። ጭንቅላቱ ሥር ጋቢ አድርጉ፣ ዙሪያውን ያለውን ድንጋይና ከሰል አርቁ፣ ሲያቆም በጎኑ አዙሩት። ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ያለ ጥርጥር ወደ ሆስፒታል። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ጊዜው ከሆነ አንድ ደቂቃም ቢሆን ወደ ሆስፒታል።

ሌላም የምትተዉት አለ። ወተት አታጠጡ፤ ራሱን የሳተ ሰው አይውጥም፣ ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው። ሎሚም እንደዚያው። እንዲያስመልስ አታስገድዱ። ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት። በጥፊ አትምቱት። አቁማችሁ ግቢውን አታዙሩት። «ጫት ያነቃዋል» ብሎ ጉንጩ ውስጥ ለመጨመር የሞከረ ሰው አይቻለሁ፤ ያን ቀን ነው የምር የተናደድኩት።

አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰውየውን መሃል አስቀምጠው፣ ከግራና ቀኝ ይዘውት፣ አገጩ ደረቱ ላይ ተደፍቶ ይሄዳሉ። አገጭ ደረት ላይ ሲወድቅ የአየር መንገዱ ይታጠፋል። እንዲህ ሆኖ መንገድ ላይ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በጎኑ አጋድሙት፣ ጭንቅላቱ ጭናችሁ ላይ ይሁን፣ አገጩን በእጃችሁ ቀና አድርጋችሁ ያዙ። ካልተመቸ ሌላ መኪና ለምኑ። የሚተነፍሰው በግድ ከሆነ ግን መንፋቱን አቋርጣችሁ መኪና ላይ አታውጡት፤ እርዳታው ወደ እናንተ ይምጣ።

የት እንደምትሄዱ ዛሬ በቀን ወስኑ። ድሬዳዋ ውስጥ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልና ሳቢያን ሆስፒታል አሉ። ሐረር ላላችሁ ሕይወት ፋናና ጁገል አሉ። ቅርባችሁ ያለው ነው ትክክለኛው። ድሬ ሆናችሁ «ሐረር ይሻላል» ብላችሁ በሌሊት የደንገጎን ዳገት አትጀምሩ።

ሆስፒታል በር ላይ

እውነቱን ተናገሩ። የእኛ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ «የምግብ መመረዝ ነው» ይላል። እፍረትም አለ፣ የፖሊስ ፍርሃትም አለ። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ እናንተ ዋሽታችሁ የምታባክኑት ደቂቃ ግን የልጁ ነው። «ትራማዶል፣ ይህን ያህል ፍሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከአረቄ ጋር፣ መንገድ ላይ አንዴ አንቀጥቅጦታል» በሉ። ስትሪፑን ወይም ፎቶውን አሳዩ።

ናሎክሶን የሚባል መርፌ አለ። ኦፒዮይዱን አንጎል ውስጥ ከተቀመጠበት ቦታ ገፍቶ ያስነሳዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ኦፒዮይድ የሚወስድ ሰው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችም ናሎክሶን እንዲያገኙና አጠቃቀሙን እንዲሠለጥኑ መክሯል። ስለዚህ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ናሎክሶን ሦስት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ሥራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ትራማዶሉ ከዚያ በላይ ይቆያል። የነቃው ሰው ተመልሶ ሊሰምጥ ይችላል። «ነቃሁ፣ ወደ ቤት ልሂድ» ቢል አትስሙት። ሁለተኛ፣ ትራማዶልን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፣ መንፈራገጥንም አያቆምም፤ ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለ። ሦስተኛ፣ ሲነቃ ደስ ብሎት አይነቃም። ሱሱ በአንዴ ስለሚቋረጥ ያመዋል፣ ይሳደባል፣ ግሉኮሱን ይነቅላል። የአክስቴ ልጅ ሲነቃ መጀመሪያ ያለው «ማን አመጣኝ እዚህ?» ነው። እናቴ «እኔ» አለችው። ዞሮ ተኛ።

ማቆም

አደጋው ካለፈ በኋላ ቤቱ ሁሉ «ከዛሬ ጀምሮ በቃ» ይላል። በቀን 20 ፍሬ የሚውጥ ሰው ዛሬ ዜሮ ቢሆን ነገ ማታ ይወድቃል። ትራማዶል ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው፣ ሐኪም ባወጣው ፕሮግራም። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከመጠኑ አንድ አስረኛ ያህል መቀነስ የተለመደ አካሄድ ነው፤ ሐኪሙ እንደ ሰውየው ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ድል ጮራም ሕይወት ፋናም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ። ከበድ ካለ አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊጽፉላችሁ ይችላሉ። «አማኑኤል» ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል፤ አክስቴም አልቅሳለች። እብደት አይደለም። ሱስ የሚታከም በሽታ ነው፣ የሚታከመውም እዚያ ክፍል ነው።

ሜታዶንና ቡፕሬኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶችም አሉ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። «ሱስ በሱስ መተካት» ነው የሚል ሰው ትሰማላችሁ። አይደለም። በቀን በቀን የተለካ መጠን ይሰጣል፣ ሰውየው ሳይሰክርም ሳይታመምም ሥራው ላይ ይውላል። ለእናንተ ሰው ይሆን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ሐኪሙን ጠይቁት።

ለቅነሳው ቤት ውስጥ ቁልፍ ያዥ ያስፈልጋል። በእኛ ቤት እኔ ነበርኩ። ክኒኑ እኔ ጋ ይቆለፋል፣ የዕለቱን ጠዋትና ማታ እሰጠዋለሁ፣ ደብተር ላይ እንጽፋለን፣ እሱ ይፈርማል። ፊርማው የሱ ሐሳብ ነው። ቁልፍ ያዡ እናት ባይሆን ይሻላል። እናት ታዝናለች፤ ሁለት ትጨምራለች።

የሚመጣውን ስቃይ አስቀድማችሁ እወቁት። መጠኑ ሲወርድ፣ ወይም ጨርሶ ሲቋረጥ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ማዛጋት፣ ንፍጥ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ግንቦት ላይ ብርድ ልብስ መጠየቅ፣ ተቅማጥ፣ እግር አላርፍ ማለት። ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ሳምንት አስር ቀን ሲሆን ሰውነቱ ይረጋል። እንቅልፍና ስሜት ግን ለሳምንታት ይጎተታል። በድሬ ሙቀት ተቅማጥ ቀልድ አይደለም። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና ቀኑን ሙሉ ይጎንጭ። ለሕመሙ፣ ለሆዱና ለእንቅልፉ የሚሰጥ ነገር ሐኪሙ አለው። ከጎረቤት ዲያዜፓም አትበደሩ።

ትራማዶል ደግሞ የራሱ ነገር አለው። አንዳንዱ ሰው ሲያቋርጥ ይደነግጣል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ሰው የሚከተለው ይመስለዋል። የድሬና የሐረር ቤተሰብ ይህን «ዱካክ ነው፣ ጫት ስለተወ ነው» ይላል። አንዳንዶች አስረው ያስቀምጣሉ። እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም በራሷ በአንዴ አታቋርጥ፤ ሐኪም ሳያይ ማቋረጥ ለጽንሱም አደጋ አለው።

ሕመሙንስ? የተሰበረ ክንዱ እውነት ያመው ነበር። ያንን ካልመለስን ክኒኑ ይመለሳል። ፓራሲታሞል፣ ጨጓራና ኩላሊቱ ከፈቀደ አይቡፕሮፌን፣ ፊዚዮቴራፒ። ሥራም ቀየረ። መኪናው ላይ ሁሉም ይውጥ ነበርና ወደዚያው ተመልሶ አቁም ማለት አይሆንም።

አንድ ነገር በጎን። ማታ 3 ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤት መጥቶ «ለእናቴ ነው፣ ወረቀቱ ጠፋብኝ» የሚል ልጅ አለ። እኛ የሙያ ሰዎች ሁለት መልስ ብቻ ነው የምናውቀው፦ መሸጥ ወይም ማባረር። ሦስተኛ አለ። «ስንት ደረስክ?» ማለት። እኔ ከቤቴ በኋላ ነው የተማርኩት። ነጭ ጋዋን ለብሰው ፔቲዲን የለመዱ የሙያ ባልደረቦችም አሉ፤ ስለነሱ ማንም አያወራም።

ካቆመ በኋላ የሚመጣው ክፉ ቀን

ቤተሰብ እፎይ የሚልበት ቀን ነው ከሁሉ የሚያሰጋው። ሰውየው ለሳምንታት ሲያቆም ሰውነቱ የለመደውን ይረሳል። ጭንቅላቱ ግን 20 ፍሬ ያስታውሳል። አንድ ቀን፣ ለቅሶ ላይ ወይም ሠርግ ላይ፣ የድሮውን መጠን ይወስዳል። ያ የድሮ መጠን አሁን የሚገድል ነው።

ይህ ከጸበል ለተመለሰ፣ ቁርኣን ተቀርቶለት ለተመለሰ፣ ከእስር ለወጣ፣ ከሆስፒታል ለወጣ ሁሉ እኩል ይሠራል። ቁልቢ ሄዶ ተስሎ፣ ለወር ንጹሕ ሆኖ የመጣ ልጅ በእምነቱ ጠንክሯል፤ ሰውነቱ ግን ለክኒኑ እንደ አዲስ ሆኗል። ይህን ፊት ለፊት ንገሩት። «ድጋሚ ትወስዳለህ» ማለት አይደለም። «ከወሰድክ የድሮው ቁጥር አይሠራም፣ ብቻህን አትሁን፣ በር አትቆልፍ» ማለት ነው። ይህን መንገር ማበረታታት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ሬሳ ከማየት ይህን መናገር ይቀለኛል።

ቤት የቀረውን ክኒን መድኃኒት ቤት መልሱ። «ለክፉ ቀን» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ትራማዶል ልጆችም ያገኙታል።

ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ፦ 907፤ የምትሄዱበት ሆስፒታል፤ ሌሊት የሚመጣላችሁ የባጃጅ ሹፌር ስልክ፤ አገጭ ቀና፤ በአምስት ቁጥር አንድ ትንፋሽ። የኛ ዛሬም አልተነሳም።

ዛሬ ማታ ደግሞ ተለማመዱ። ጤነኛ ሰው ሲተኛ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ጤናማው ምን እንደሚመስል ዓይናችሁ ካላወቀ ክፉውን አይለየውም። እኔ እናቴ ላይ ነው የጀመርኩት። አስራ አራት ቆጥሬ አስራ አምስተኛውን ስጠብቅ ዓይኗን ገለጠች። «ምን ሆነሃል አንተ?» አለችኝ። «ምንም፣ ተኚ» አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ልጁ ክፍል አየን።